የጉድጓድ ውሃን በእንፋሎት የሚያጣራ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

አዳማ ከተማ የቧንቧው ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ችግሩ ያለው የጉድጓዱ ላይ ነው። በወንጂና በሌላውም የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጆች ጥርስ የሚበልዘው ከዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ብዙ ሰው አፍልቶ መጠጣት የሚበቃ ይመስለዋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል። እንፋሎቱን ይዞ ማቀዝቀዝ ግን ሌላ ነው፤ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። አረቄ የሚወጣበት መንገድ ነው፣ በጌሾና በብቅል ፋንታ ውሃ ብቻ ገብቶበት። ለአልኮል ግን ይህን ዕቃ አትጠቀሙበት፤ የአልኮል እንፋሎት እሳት ይይዛል።

መጀመሪያ ድስቱ። 15 ሊትር የሚይዝ፣ ወፈር ያለ ስቴንለስ ይሁን። ክዳኑ ላይ የእንፋሎት መውጫ አርጎን በሚበይድ ባለሙያ አስበይዱ። መውጫው የአውራ ጣት ያህል ይስፋ። ወደ ጎን ታጥፎ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ከተጠመዘዘ የስቴንለስ ቱቦ ጋር ይገናኝ፤ ቱቦው እስከ መጨረሻው ቁልቁል ይውረድ። ለማቀዝቀዣ የመኪና ራዲያተር የሚያመጣ ሰው አለ። በፍጹም! የድሮ ራዲያተር ብየዳ እርሳስ አለበት።

የክዳኑን ዙሪያ በዱቄት ሊጥ ድፈኑት። ከሱቅ ማሸጊያ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። መውጫው በሆነ ነገር ቢደፈን ሊጡ ቀድሞ ይለቃል፣ ድስቱ አይፈነዳም። በዚሁ ምክንያት መስመሩ ላይ የትም ቦታ መዝጊያ ቧንቧ አይግባ። የሚወጣበት ጫፍ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

በርሜሉ 200 ሊትር የሚይዘው ይሻላል። አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ባወጣችሁ ቁጥር የበርሜሉ ውሃ 3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚሞቀው። 10 ሊትር ስታወጡ ለልብስ የሚሆን ሙቅ ውሃ ይተርፋችኋል።

አሁን ወደ ማሞቂያው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው፣ ቴርሞስታት በመግዛት። ቴርሞስታት የሚቆጣጠረው ሙቀትን ነው። የሚፈላ ውሃ ግን ሙቀቱ አይጨምርም። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። 500 ዋት ብትሰጡትም 3,000 ዋት ብትሰጡትም ያው 95 ነው። ቴርሞስታቱን 100 ላይ ብታደርጉት መቼም አያጠፋም። 93 ላይ ብታደርጉት ውሃው ሳይፈላ ያጠፋዋል። ልዩነት የሚያመጣው ዋቱ ነው፤ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚተን የሚወስነው እሱ ነው።

ታዲያ ዋቱን ለምን አናበዛውም? ኃይለኛ ፍላት ጥቃቅን ጠብታ ይዞ ይወጣል። ያ ጠብታ ያልተጣራ ውሃ ነው፣ ከነፍሎራይዱ። የቱቦውን ጫፍ እዩት። በልኩ ሲሆን ቀጭን ለብ ያለ ውሃ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ሲበዛ ቱቦው ይተፋል፣ ከውሃው ጋርም እንፋሎት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያኔ ቀንሱ። ድስቱንም ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት።

ለመቀነሻ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዲመር ነው፣ የመብራቱን ጉልበት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ። የአምፖል ዲመር አይችለውም፣ ትልቁ ያስፈልጋል። ላዩ ላይ 4,000 ዋት ተብሎ ቢጻፍም እኔ ከግማሹ በላይ አልጭንበትም፤ በጣም ይግላል። ሌላው፣ የምወደው፣ ሁለት ባለ 1,000 ዋት ኤለመንት (በመብራት የሚግል ማሞቂያ ብረት) ድስቱ ውስጥ ማስገባትና ለየራሳቸው ማብሪያ ማድረግ ነው። ሁለቱም ሲበሩ 10 ሊትር በግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈላል። ከዚያ አንዱን አጥፉ። በአንዱ ብቻ በሰዓት ከ1 ሊትር ትንሽ በላይ ታገኛላችሁ። ከፈላ በኋላ አንድ ሊትር ከነብክነቱ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ቆጣሪያችሁን አስቡ።

ይህ አሠራር ማታ መብራት ሲደክምም ይጠቅማል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የኤለመንቱ ጉልበት በሲሶ ነው የሚቀንሰው። 1,000 የነበረው 670 ገደማ ይሆናል። ያኔ ሁለተኛውን ደግማችሁ አብሩት። ሁለቱን ሲሪየስ (መብራቱ በአንዱ አልፎ ወደ ሌላው እንዲሄድ) አታድርጓቸው፣ በድምሩ 500 ዋት ብቻ ነው የሚሰጧችሁ።

ገመዱን ኤሌክትሪሽያን ያገናኘው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር። የግራውንዱ ሽቦ የድስቱ አካል ላይ ይታሰር፤ ውሃና መብራት አንድ ላይ ናቸውና ይህ አይታለፍም። ምጣድ በተሰካበት መስመር ላይ አትሰኩት።

ሲጀምር የሚወጣውን አንድ ኩባያ ድፉት። 10 ሊትር ካስገባችሁ 7 ሲወጣ አቁሙ። ኤለመንቱ ከውሃ በላይ ከቀረ ይቃጠላል፤ ጎረቤት ቤት እንዲህ የተሰነጠቀ ኤለመንት አይቻለሁ፣ ድስቱም አብሮ ጠቁሯል። የቀረው 3 ሊትር ፍሎራይዱ የተከማቸበት ስለሆነ ለወጥም ለቡናም አይሁን፤ ይደፋ። ኤለመንቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲይዝ ሎሚ ጨምቃችሁበት በውሃ አፍሉት፣ ይለቃል።