ፕሮፔለሩ የቆመ እንዳይመስል

በአየር ኃይል ሰፈር የጉብኝት ቀን ፎቶ ስታነሱ በብዛት የሚያበላሸው የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለጄት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን። በዚያው ፍጥነት ሄሊኮፕተር ካነሳችሁ ግን ከላይ የሚሽከረከረው ክንፉ ደርቆ ይቀርና ሞተሩ አየር ላይ የጠፋ ይመስላል። ፕሮፔለር ላለው አውሮፕላን ወደ 1/250፣ ለሄሊኮፕተር እስከ 1/125 ውረዱ፤ ካሜራውን ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል እያዞራችሁ በተከታታይ አንሱ። አብዛኛው ብዥ ይላል፣ ግድ የለም።

ሰማዩ ነጭ ከሆነ ካሜራው ይሸወድና አውሮፕላኑን ያጠቁረዋል፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ወደ +1 ከፍ አድርጉት። ቀትር ላይ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ራቅ ያለውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ ውድ ሌንስም አያድንም። ስለዚህ መንደርደሪያው ላይ ያሉትን በጠዋት ጨርሱ። ፎቶ የማይነሳበትን ቦታ አስቀድማችሁ ጠባቂውን ጠይቁ።