ባለ ሁለት ወገን መድረክ በአንድ ክፍል ውስጥ

በስኮትላንድ የሚካሄደው የኤድንብራ ፍሪንጅ የትርኢት ፌስቲቫል በ1947 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ለዋናው የኤድንብራ ፌስቲቫል ያልተጋበዙ ስምንት ቡድኖች በራሳቸው ፈቃድ መጥተው ባገኙት ቦታ ሲጫወቱ ነው። በዚያው ከተማ በጥር 1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ትራቨርስ ቴአትር ደግሞ መቀመጫው 60 ገደማ ብቻ ነበር። ተመልካቹ በሁለት ወገን ትይዩ ይቀመጣል፣ ተዋንያኑ መሃል ይጫወታሉ። መጋረጃም የጀርባ ሥዕልም ስለማይፈልግ አቅሙ ለአነሰ ቡድን ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት የለም፤ በተለይ ሙግትና ፍጥጫ ለበዛበት ተውኔት።

7 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ክፍል 60 ሰው ይይዛል። መሃሉን በርዝመቱ 3 ሜትር ስፋት ለጨዋታው ይተዉ። በየወገኑ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 15 ወንበር ይደርደር። ለአንድ ወንበር 50 ሳንቲ ሜትር፣ ለአንድ ረድፍ ጥልቀት 90 ሳንቲ ሜትር ይያዝ። በሁለቱም ጫፍ የሚተርፈው ከአንድ ሜትር በላይ ቦታ የተዋንያን መግቢያና የተመልካች መውጫ ስለሆነ ምንም አይቀመጥበትም። የኋላው ረድፍ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የጣውላ መደብ ላይ ይሁን፤ ወንበሩ እንዳይንሸራተት የመደቡ ጠርዝ ላይ ዘንግ ይመታ። የመጫወቻው ስፋት ከ2.5 ሜትር ካነሰ የተመልካቹ እግር ትዕይንቱ ውስጥ ይገባል፣ ከ4 ሜትር ካለፈ ቅርበቱ ይጠፋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መብራቱ ላይ ነው። እንደ ብሔራዊ ቴአትር ባለ ፊት ለፊት መድረክ የለመድነው ከሩቅ ከፊት የሚመጣ ብርሃን እዚህ ማዶ የተቀመጠውን ሰው ያሳውረዋል። ጣሪያው 3.5 ሜትር ከሆነ መብራቶቹን ልክ ከመጫወቻው ጠርዝ በላይ፣ በየወገኑ አራት አራት ሰቅለው መሃል በቆመ ተዋናይ ፊት ላይ ያነጣጥሩ። ያኔ የጨረሩ እምብርት ተመልካቹ እግር ሳይደርስ ወለል ላይ ያርፋል። ዙሪያውን የሚያመልጠውን ብርሃን በጥቁር ቆርቆሮ ይከልሉ፣ ከዚያ በየወንበሩ እየተቀመጡ ይፈትሹ፤ አምፖሉ ራሱ ከታየ ገና ነው። ብርሃኑ ከላይ ስለሚወርድ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ወለሉን ባልተቀባ ኮምፔርሳቶ ቢሸፍኑት ከታች የሚመለሰው ብርሃን ጥላውን ያለሳልሰዋል። እያንዳንዱ መብራት ሁለተኛ የብረት ሽቦ ይታሰርለት፣ ሰው ራስ ላይ ነው የተሰቀለው። በ220 ቮልት ባለ 10 አምፔር መስመር የሚሸከመው 2200 ዋት ነው። ባለ 1000 ዋት አሮጌ መብራት ከሆነ ሁለት ብቻ ይችላል፤ ሦስተኛው ሲጨመር ቆጣሪው ይጥላል። ስለዚህ ኤል ኢ ዲ ይመረጣል።

ሁለት ተዋንያን መሃል ላይ ተቀራርበው ሲፋጠጡ ለብዙ ተመልካች አንደኛው ሌላውን ይጋርዳል። በርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ተራርቀው ከቆሙ ግን ሁለቱም ወገን የሁለቱንም ጎን ፊት ያያል። ጠረጴዛና መደብ መሃል ይሁን፣ ቁም ሳጥንና በር ወደ ጫፎቹ ይሂድ። አዘጋጁ በየልምምዱ ወገን ይቀይር፤ አንድ ቦታ የሙጥኝ ካለ ሳያውቀው ለአንዱ ወገን ብቻ ያዘጋጃል። ድምፅም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ተዋናዩ ፊቱን እያዞረ ከጨረሰ ማዶ ያለው ሐሳቡን ያጣል። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አይዙር።

ስለት ያለው ዕቃ ፈጽሞ አይግባ። ትራቨርስ በተከፈተ በሁለተኛው ምሽት አንዲት ተዋናይት በእውነተኛ ወረቀት መቁረጫ ቢላ መድረኩ ላይ ቆስላለች። ጠባብ ቦታ ላይ ለመሸሽ ክፍተት የለም። የምላጩን ጠርዝና ጫፍ ማደነዝ እንኳ አይበቃም፤ ከእንጨት ወይም ከላስቲክ ይሠራ፣ ከየትርኢቱ በፊትም እንቅስቃሴው በዝግታ አንድ ጊዜ ይደገም።