ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ

ሥራ በዝቶባችሁ ጸሎት ለቀረባችሁ አንዲት ነገር ልጠቁማችሁ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው። ሰባቱንም ካልያዝኩ ብሎ የተነሳ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል። እኔም ትቼው አውቃለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስቱን ብቻ ያዙ፦ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት። ቤተ ክርስቲያን በ3 ሰዓት የመንፈስ ቅዱስን መውረድ፣ በ6 የጌታን መሰቀል፣ በ9 ነፍሱን መስጠቱን ታስባለች። ደስ የሚለው፣ የወንጌሉ ሰዓት አቆጣጠርና የእኛ አንድ ነው። ማስላት የለም! ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ግን አላርሙን ጠዋት 9፣ ቀን 12 እና ከሰዓት በኋላ 3 ላይ ሙሉት። ስብሰባ መሃል እንዳያሳፍራችሁ ቫይብሬት ላይ አድርጉት።

ሲነዝር መጽሐፍ መግለጥ የግድ አይደለም። ታክሲ ሰልፍ ላይም ሁኑ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በልባችሁ በሉና ወደ ሥራችሁ።

የ9 ሰዓቷ ቶሎ ትረሳለች፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚልበት ሰዓት ነው። እኔ ከቡና ጋር አያይዣታለሁ፤ ጀበናው እስኪሰክን፣ አቦሉ ሳይቀዳ።