የግቢ ብስባሽ ለምን ይገማል? ችግርና መፍትሄው

የብስባሽ (ኮምፖስት) አዘገጃጀት መሠረቱን ታውቃላችሁ ብዬ እጀምራለሁ። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተማሪዎች ግቢ ውስጥ የተበላሸ ክምር ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል፤ በአብዛኛው የምጠራው ለአንድ ብልሽት ነው።

ምልክት፦ ክምሩ ይገማል፤ ከሥሩ ጥቁር እዥ ይወጣል፤ ዝንብ ይወረዋል።

ምክንያት፦ የምግብ ቤቱ ትርፍራፊ ያለ ደረቅ ነገር ተከምሯል። አየር ያጣ ክምር ይገማል እንጂ አይበስልም። ከሁሉ የሚከፋው ወጥ የነካው እንጀራ ነው። አንድ ነሐሴ ላይ ክምሩን በመንሽ ስወጋው እንጀራው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ራሰ ቆዳ ተላጠ። ከሥሩ የነበረው የሽንኩርት ልጣጭ ሁለት ወር ተቀብሮ ቀዩን ቀለሙን እንኳ አልለቀቀም። ሠራተኞቹ ሽታውን ለመግደል አመድ ሲነሰንሱበት ከርመዋል፤ አመዱ ከእርጥበቱ ጋር ተለውሶ የቀረችውንም ቀዳዳ ደፈናት። አመድ አታብዙ! ኖራም አትጨምሩ!

መፍትሄ፦ ክምሩን እስከ ሥሩ አፍርሱት። ከታች ጭራሮ አንጥፉ። እንጀራውን ቆራርጡና ለአንድ ባልዲ ትርፍራፊ ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ የገብስ ወይም የስንዴ ገለባ ቀላቅሉ። አንድ እፍኝ ጨምቁ፤ ጠብ ጠብ ካለ ደኅና ነው፤ በጣቶቻችሁ መካከል ከፈሰሰ ገለባ ጨምሩ። በየሦስት ቀኑ አገላብጡ፤ ሽታው ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ገለባውን አውድማ በሚወቃበት በታኅሣሥና በጥር ገዝታችሁ መጠለያ ውስጥ አስቀምጡ። በሐምሌ ገለባ ፍለጋ የሚሯሯጥ ግቢ በነሐሴ መገማቱ አይቀርም። ገለባ ከጠፋ ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ ይገኛል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ቶሎ ስለማይበሰብስ አታብዙት።

ምልክት፦ ክምሩ አይሞቅም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ትንሽ ክምርን ያበርደዋል። ወርዱም ቁመቱም ከ1 ሜትር አይነስ፤ ከላይ ገለባ አልብሱት። የብረት ዘንግ መሐሉ ላይ ተክላችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ንቀሉት፤ እጅ ካላስያዘ ክምሩ እየሠራ ነው። ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው።

ጉንዳን ከገባበት ደርቋል፤ ውኃ አጠጡት። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው ፍግ በዝቷል፤ ገለባ ጨምሩ።

ምልክት፦ የበሰለው ብስባሽ ፌስታል ይተፋል።

ይህ ያናድደኛል። በመንሽ የተበጣጠሰ ፌስታል በወንፊት አይለቀምም፤ እርሻ ላይ ተበትኖ ይቀራል። መለየት ያለበት ተማሪው ሳህኑን በሚያራግፍበት ቦታ ነው፦ አንዱ በርሜል ለምግብ፣ ሌላው ለፕላስቲክ። የውኃ ጠርሙሱን ባዶ አድርጋችሁ ለይታችሁ ካስቀመጣችሁት ቆራሌው ይወስደዋል፤ ወጥ ከነካው ግን ማንም አይፈልገውም። ክዳኑ በወር የሚሰበር ርካሽ በርሜል አትግዙ፤ ዝናብ ይገባበትና ወደ መጀመሪያው ብልሽት ይመልሳችኋል።

ባትሪ፣ የላቦራቶሪ ኬሚካልና የክሊኒክ ቆሻሻ ወደ ክምሩ ፈጽሞ አይግባ። አንድ ጊዜ ከጎመን ቅጠል መሐል መርፌ አግኝቻለሁ፤ አገላባጯ ሴት የለበሰችው ስስ የጨርቅ ጓንት ነበር። መርፌ ካያችሁ ሥራውን አቁሙ፣ በእጅ አትንኩ፣ የክሊኒኩን ኃላፊ እዚያው ጥሩ።