ቨርጂኒያ ውስጥ በዕፅ የተፈረደበት ሰው ፕሮቤሽን ሲጥስ ቅጣቱ እንዴት ይወሰናል?

አሌክሳንድሪያም ሆነ ፌርፋክስ፣ በዕፅ ተፈርዶበት በገደብ (በፕሮቤሽን) የተለቀቀ ሰው ሽንቱ ተመርምሮ ዕፅ ሲገኝበት፣ ቤተሰቡ «በቃ፣ የቀረውን ዓመት በሙሉ ሊታሰር ነው» ብሎ ይደነግጣል። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ወዲህ ግን ነገሩ በአብዛኛው የሚወሰነው ጥሰቱ በየትኛው መደብ ውስጥ እንደሚገባ ነው።

መጀመሪያ የፕሮቤሽን ኦፊሰሩ ለዳኛው የጻፈውን የጥሰት ሪፖርትና ዋናውን ፍርድ ከጠበቃው ጠይቁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛችሁ እያንዳንዱ ጥሰት የትኛውን ግዴታ እንደሚነካ ምልክት አድርጉበት። የቨርጂኒያ ሕግ አንቀጽ 19.2-306.1 አሥር ጥሰቶችን «ቴክኒካል» ይላቸዋል። ዕፅ መጠቀም ወይም መያዝ፣ መታሰርን (የትራፊክ ቲኬትም ቢሆን) በ3 ቀን ውስጥ አለማሳወቅ፣ የኦፊሰሩን መመሪያ አለመከተልና ያለፈቃድ መኖሪያ መቀየር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ለመጀመሪያ ቴክኒካል ጥሰት ዳኛው እስር መፍረድ አይችልም። ለሁለተኛው መነሻው አለማሰር ነው፤ ሌላ መፍትሔ አያስተማምንም ካለ ግን እስከ 14 ቀን ይፈርዳል። ከሦስተኛው ጀምሮ የታገደው ቀሪ ቅጣት (በገደብ ሲለቀቅ ያልታሰረው ጊዜ) በሙሉ ሊፈረድበት ይችላል። የጦር መሣሪያ መያዝና የት እንዳሉ እስከማይታወቅ ድረስ ከኦፊሰሩ መጥፋት ግን ገና በመጀመሪያው እንደ ሁለተኛ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ምርመራው ዕፅ ያሳይብኛል ብሎ ይሰወርና፣ አንድም ቀን የማያሳስረውን ጥፋት ወደ 14 ቀን ያሳድገዋል። ከዚያ የሚከተለው ጥሰት ደግሞ ሙሉውን ቀሪ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። በአንድ ችሎት የሚታዩ ብዙ ቴክኒካል ጥሰቶች እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ፣ ሦስት ጊዜ ዕፅ ቢገኝበትም ጠበቃው ይህን ለዳኛው ማንሳት አለበት።

14 ቀኑ የቅጣት ጣሪያ እንጂ የቆይታ ጣሪያ አይደለም። በማዘዣ ተይዞ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ በላይ እስር ቤት ሊቆይ ስለሚችል፣ የዋስትና ጥያቄው በተያዘበት ሰሞን ይቅረብ።

በገደቡ ጊዜ በሠራው አዲስ ወንጀል ጥፋተኛ ከተባለ ወይም ዳኛው በተለይ ያዘዘውን፣ ከአሥሩ ቴክኒካል ጥሰቶች ውጪ የሆነ ልዩ ግዴታ ከጣሰ እነዚህ ጣሪያዎች አይሠሩም። ሕክምና ማቋረጥ ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያዘዘው ዳኛው ነው ወይስ ኦፊሰሩ? መልሱ የፍርዱ ወረቀት ላይ አለ።

ቀሪውን ቅጣት ራሳችሁም አስሉት። ኮኬይን መያዝ ክላስ 5 ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነው፤ ከ1 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። 3 ዓመት ተፈርዶበት 2 ዓመት ከ9 ወሩ ከታገደና ኋላም በጥሰት 14 ቀን ከታሰረ፣ 14ቱ ቀን ከታገደው ላይ ይቀነሳል። ዳኛው ከቀሪው አልፎ መፍረድ አይችልም።

አንድ በር ክፍት ነው፦ ፍርድ ቤቱ ላዘዘው የሱስ ሕክምና ወይም ምርመራ የግድ ካስፈለገ ዳኛው ከጣሪያው በላይ ማሰር ይችላል፤ ያም በተቻለ መጠን አጭር መሆን አለበት። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የሕክምና ቦታ አስይዙ። ደብዳቤው የሚገባበትን ቀን፣ የሕክምናውን ርዝመትና ማን እንደሚከፍል ይጥቀስ። «ሕክምና እንፈልጋለን» ብቻ የሚል ቃል ዳኛውን አያሳምንም።

ችሎቱ ጁሪ የለውም፤ ማስረጃውም እንደ ዋናው ክስ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አይጠበቅበትም። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ስለሚመደብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዘመድ አያስተርጉም።

አሜሪካዊ ዜግነት የሌለው ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ምንም ጥፋት አምኖ እንዳይቀበል። የታገደ ቅጣት ለኢሚግሬሽን እንደ ሙሉ እስር ይቆጠራል። የዕፅ ሱሰኛ ወይም ተጠቃሚ መሆን ራሱን የቻለ የማባረሪያ ምክንያት ስለሆነ፣ ለዳኛው ርኅራኄ ብሎ «አዎ፣ ሱስ አለብኝ» ማለት በሌላ በኩል ያስከፍላል። ጫትም ከዚህ አይወጣም፤ እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ሠንጠረዥ (እጅግ በጥብቅ በተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር) ተመድቧል።