ፖስታ ስትገዙ ምን እንደምትከቱበት ንገሩኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። ደንበኛ ገብቶ «ፖስታ አለ?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ «ለምን ሊሆን ነው?» ነው። ወረቀቱን ሳላውቅ የምሰጠው ፖስታ ወይ ይጠባል ወይ ይቀደዳል።

መነሻው ኤ4 ወረቀት ነው፤ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር። ሳይታጠፍ የሚገባው ሲ4 ውስጥ ነው፣ 22.9 በ32.4። ሱቅ ሄዳችሁ «ኤ4 ፖስታ» ስትሉ የሚወጣላችሁም እሱ ነው። አንዴ ከታጠፈ ሲ5 ይበቃዋል፤ ሁለቴ ከታጠፈ ሲ6። ለሦስት እኩል ክፍል ለሚታጠፍ ደብዳቤ ረጅሙ ነጭ ፖስታ አለ፣ ዲኤል ይባላል፣ 11 በ22 ነው።

ዲግሪ፣ የልደት ሰርተፍኬትና የቤት ካርታ ግን እባካችሁ አታጥፏቸው። እጥፋቱ ማህተሙ ላይ ካረፈ ቀለሙ እየተላጠ ይሄዳል። ወፍራም ካኪ ፖስታ ግዙ፣ ከጀርባው አንድ ካርቶን ጨምሩበት።

ብር የሚከተትበት ፖስታ ስስ መሆን የለበትም። ወደ ብርሃን አንሡት፤ ጣታችሁ በውስጡ ከታየ ኖቱም ይታያል። ለሠርግም ለለቅሶም ስትሰጡ መጀመሪያ ስማችሁን ጻፉበት። ማታ ቤተሰቡ ደብተር ይዞ ሲመዘግብ ስም የሌለው ፖስታ ከተገኘ የማን ነው እየተባለ ይታደራል፤ ውለታ መመለስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዚህ በጣም ይጨነቃል።

ፍላሽ ወይም የሚሰበር ነገር ከሆነ ውስጡ አየር ያለው ፕላስቲክ የተለበጠበትን ውሰዱ። በፖስታ ቤት ለምትልኩት የላኪውን አድራሻ ከላይ በግራ፣ ቴምብሩን ከላይ በቀኝ፣ የተቀባዩን ወደ ታች በቀኝ አድርጉ። ተቀባዩ አገር ውስጥ ከሆነ ፖ.ሣ.ቁጥሩን አትርሱ፤ እዚህ ደብዳቤ የሚገባው ሣጥን ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጨረታ ፖስታ ልምጣ፤ የሰው ልፋት በፖስታ ምክንያት ሲወድቅ ማየት ያመኛል። ጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የጽዳት ዕቃ ለማቅረብ ከሚወዳደሩት ልጆች አንዷ «እትዬ፣ ሁለት ትልልቅ ካኪ ይስጡኝ» አለችኝ። «ሰነዱን አሳዪኝ የኔ ልጅ» አልኳት። ቴክኒካል (ስለ ዕቃውና ስለ አቅራቢው የሚገልጸው) ኦርጅናልና ኮፒ፣ ፋይናንሻል (ዋጋው ያለበት) ኦርጅናልና ኮፒ፣ ሁሉም ለየብቻ ታሽጎ በአንድ ትልቅ ፖስታ ይግባ ይላል። ስለዚህ አምስት ያስፈልጋታል። አምስተኛው ደግሞ ከአራቱ መብለጥ አለበት፤ ሲ4 ሲ4 ውስጥ አይገባምና ቢ4 ወይም ከዚያ የሚተልቅ ይሁን። ወረቀቱ ከበዛ ጎኑ የሚዘረጋውን ምረጡ።

ከማሸጋችሁ በፊት በየፖስታው ላይ ኦርጅናል ወይም ኮፒ፣ ቴክኒካል ወይም ፋይናንሻል ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ አገላብጡ። ዋጋ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ቴክኒካሉ ውስጥ ከተገኘ ከውድድር ሊያስወጣችሁ ይችላል። ለጨረታ ማስከበሪያ ከባንክ የምታሠሩት የክፍያ ማዘዣ፣ ሲፒኦው፣ በየትኛው ፖስታ እንደሚገባም ከሰነዱ አንብቡ፤ ሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት አይጠይቅም። የውጪው ፖስታ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የጨረታው ቁጥር፣ የእናንተ ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም ከመክፈቻው ሰዓት በፊት እንዳይከፈት የሚል ይኑር።

ክዳኑን በኮላ ለጥፉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ማህተሙ ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ አካሉ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ምቱ። በሰም ይታሸግ ከተባለ ቀዩን ሰም በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አንጠብጥቡ፣ መጋጠሚያው ላይ። እስኮች ለጥፋችሁ ከላዩ ሰም አታፍስሱ፤ እስኮቹ ሲላጥ ሰሙን ይዞት ይነሣል።

ጠዋት 4:00 የሚዘጋ ጨረታ ከሆነ ይህን ሁሉ ዋዜማውን ጨርሱ፤ ከዚህ መሀል ከተማ ለመድረስ የጠዋቱ መንገድ አይታመንም። ሱቁ እስከ ምሽቱ 2:00 ክፍት ነው፣ ሰሙም አለ።