ሳሎን ውስጥ የቆመ ኮለን እንጨት ለማልበስ

የኮንዶሚኒየም ሳሎናችን ውስጥ ከሶፋው ጎን አንድ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ቆሟል። እንግዳ ሁሉ ሲነሳ እጁን፣ ሲያወራ ትከሻውን ያስደግፍበታል፤ ለፋሲካ የቀባሁት ለእንቁጣጣሽ ጠቁሮ አገኘዋለሁ። ሲሰለቸኝ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እንጨት አለበስነው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፤ አንደኛው ቅዳሜ የባከነው በእኔ ጥፋት ነው።

ጥፋቴ ልኬቱ ላይ ነው። ወገቡ ላይ ብቻ ለክቼ 34 ሴንቲ ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ልክ ያስቆረጥኩት ከላይ በኩል አልገጥም አለ። ቱንቢ ስናወርድለት ለካ ልስኑ ወደ ጣሪያው እየወፈረ ሄዶ 35.5 ደርሷል! ስለዚህ እያንዳንዱን ፊት ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ለኩ። ትልቁን ቁጥር ያዙ፤ የጎደለውን ቦታ ከርብራቡ (ልባሱ ከሚታሰርበት ቀጭን እንጨት) ጀርባ በስስ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ትሞሉታላችሁ። ልስኑን ጠርቦ ማስተካከል ያምራል የሚል ካለ አትስሙት፤ ኮለን ቤቱን የተሸከመ ነው፣ መሮ አይነካውም።

ሒሳቡ የእኛ እንዲህ ነበር። 35.5 ላይ በግራና በቀኝ 2 ሴንቲ ውፍረት ያለው ርብራብ ሲጨመር 39.5 ይመጣል። ያለበስነው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) 18 ሚሊ ስለሆነ ሁለቱ ፊቶች 39.5፣ የእነሱን ጠርዝ የሚሸፍኑት ሌሎቹ ሁለቱ 43.1 ሆኑ። አንድ ሉህ 122 በ244 ሴንቲ ነው፤ ሁለት ይበቃል፣ ትራፊው ለጌጥ ይተርፋል። ማሽን ቤት አስቆርጡት። በእጅ መጋዝ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ጠርዙም ይቦጫጨቃል።

ርብራቡን ደረቅ እንጨት ግዙ፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ተጠማዞ የለበሰውን ሁሉ ይዞ ይከፈታል። ኮለኑን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ፣ በየ60 ሴንቲው፣ በ8 ቁጥር ፊሸር (ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ በሚይዘው ፕላስቲክ) እና በብሎን እሰሩት። ማብሪያ ወይም ሶኬት ካለበት ከመብሳታችሁ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ድሪሉ እየጮኸ አልገባም ካለ ፌሮ ነክቷል፤ ግድ አትበሉት፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ፈቀቅ አድርጉ።

ከዚያ ጠባቦቹን ፊቶች አስቀድሙ፣ ሰፊዎቹን በነጭ የእንጨት ኮላና በብሎን አስከትሉ። የኤምዲኤፍ ጠርዝ ሳይበሳ ብሎን ከገባበት ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በቀጭን መብሻ መንገዱን አብጁለት። የብሎኑን ራስ በስቱኮ ድፈኑ። ለጌጡ ከትራፊው 6 ሴንቲ ስፋት ያላቸውን ቁራጮች እንደ ፎቶ ፍሬም ለጠፍንበት፤ በየፊቱ አንድ ረጅም፣ ከሥሩ አንድ አጭር። ከዚህ በላይ ማብዛት ለእኔ ዓይን ሠርግ አዳራሽ ያስመስለዋል።

ጣሪያችን 258 ነው፣ ሉሁ 244፤ 14 ሴንቲ ጎደለን። ጉድለቱን ወደ ታች አውርደን በቁራጭ ሞላነውና መገጣጠሚያውን 16 ሴንቲ ከፍታ ባለው ዞኮሎ (ከሥር ዙሪያውን በሚለጠፍ እንጨት) ሸፈንነው። ቁራጩን ከወለሉ 1 ሴንቲ ከፍ አድርጉት። ወለል በተወለወለ ቁጥር ውሃ የሚጠጣ ኤምዲኤፍ እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል። በዚሁ ምክንያት ዞኮሎውን ከኤምዲኤፍ አልሠራነውም፤ የእናቴን አሮጌ የዋንዛ አልጋ ራስጌ ፈትተን ነው።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በውሃ በቀጠነ ኮላ ቀብታችሁ አድርቁ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሻሹ፤ አለዚያ ጠርዙ ቀለሙን እየጠጣ ሸካራ ይሆናል። እኛ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም ቀባነው። ወንድሜ ዋንዛውንም አብረን እንቀባው ብሎ ነበር፣ እናቴ ብሩሹን ከእጁ ቀማችው። ቫርኒሽ ብቻ ነው ያረፈበት።